ሲናገሩ ይጫኑ፣ ሲሰሙ ይልቀቁ

ባለፈው ሳምንት ውባንችን የተውናት ተቆጥታ ነው፤ ዛሬም የምናገኛት ተቆጥታ ነው። በመካከሉ ባሉት ሰባት ቀናት የሽንፋ ወንዝ ጎድሏል፣ የመንግሥት እርሻው ሰሊጥ ታጭዶ በየማሳው ነዶ ነዶ ቆሟል፣ ክረምቱን ጭቃ ያገደው ከገንዳ ውሃ ከተማ የሚመጣው መኪናም እንደገና መግባት ጀምሯል። የውባንች ቁጣ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ደምለው እስከ ዛሬ ድረስ የሬዲዮ መገናኛውን መጠቀም አልቻለማ።

ታሪኩን ከመካከል ለሚቀላቀል አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። ውባንች ፈንቴ የጎንደር ልጅ ናት። አባቷ ሦስት የሚከራዩ ቤቶች ነበሯቸው፤ አብዮቱ ሦስቱንም ወሰደባቸውና የ"አድኃሪ" ስም ሰጣቸው። ልጅቱ አዲስ አበባ አንድ ዓመት ታይፕና ሬዲዮ ተምራ፣ ኮረብታ ቀርቶ ጉብታ እንኳ በሌለበት በዚህ ቆላ ኦፕሬተር ሆነች። ደምለው ደግሞ ከጎጃም ለሰሊጥ አረም በቀን ሠራተኛነት የመጣ፣ ኋላ ባትሪ ተሸካሚ፣ ኋላ ትራክተር ነጂ የሆነ ሰው ነው። በሐምሌ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ገብረማርያም "ሠርቶ አደሩ መገናኛውን በእጁ ያስገባ" የሚል ቃል ከአንድ ስብሰባ ይዘው መጡ። ደምለው እንዲማር ታዘዘ፣ ውባንች እንድታስተምር ታዘዘች። እሱ የበቃ ዕለት እሷ ወደ ጎንደር፣ ወደ እናቷ ትዛወራለች ተባለ። እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ በእናቷ ቤትና በእሷ መካከል የቆመው የዚህ ሰው ራስ ቅል ነው።

"ይህ ምንድን ነው?" አለችው በዚያ ሰኞ ጠዋት፣ የእጅ መናገሪያውን ከፊቱ አስቀምጣ።

"ቁልፍ ነው፣ ወይዘሪት።"

"ምን ይደረጋል?"

"ይጫናል።"

"መቼ?"

ደምለው ጣሪያውን አየ። ቆርቆሮው ሥር አንዲት እንሽላሊት ነበረች፤ እሷን ጠየቃት ያሰኛል። "ሲናገሩ።"

"ተናግረህ ስትጨርስስ?"

"ዝም እላለሁ።"

"ቁልፉን ጭነህ ዝም ትላለህ። እጅህን እስካላነሳህ ድረስ አንተም አትሰማ፣ ሌላውም አይናገር፤ ከሳንጃ እስከ ጎንደር ያለ ጣቢያ ሁሉ ያንተን ትንፋሽ ሲያዳምጥ ይውላል። በቀይ ቀለም ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌልሃለሁ፤ ሲናገሩ ይጫኑ፣ ሲሰሙ ይልቀቁ። ይኸን ለትራክተሩ ብነግረው ኖሮ እስካሁን ገብቶት ነበር።"

"ትራክተሩስ ጎበዝ ነው" አለ ደምለው በየዋህነት።

የመልእክት ቅጹ ላይማ ጭራሽ ጉድ ነው። "ለ" በሚለው ቦታ ላኪውን፣ "ከ" በሚለው ተቀባዩን ይጽፋል። "ጉዳዩ" በሚለው ላይ አንድ ቀን "ደኅና ነን" ብሎ ጻፈ። "ግልባጭ" የሚለውን ባዶ ይተወዋል፤ ይህ ደግሞ በዚያ መሥሪያ ቤት ከወንጀል አይተናነስም። ጓድ ገብረማርያም ግልባጭ የሌለው ወረቀት ሲያዩ ራቁቱን የቆመ ሰው እንዳዩ ነው የሚደነግጡት። ጽዳት ሠራተኛዋ ሁሪያ ባልዲዋ መቀደዱን ያመለከተች ጊዜ ነገሩ በግልባጭ ሰባት መሥሪያ ቤት ደርሷል፤ ሰባቱም መልስ ሰጥተዋል፤ ባልዲው ግን ዛሬም ያፈስሳል። ሁሪያ "ማሌሽ" ትላለች፣ ምን ታድርግ፣ በሱዳንኛዋ፤ "ግድ የለም" ማለቷ ነው።

"ከብት" አለችው ውባንች ቅጹን እየቀደደች። "ከብትስ ቢሆን መንገዱን ሁለት ጊዜ ካሳዩት ያውቃል።"

ሁልጊዜ የሚያናድዳት ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። የተሰደበ ሰው ዓይኑን ይሰብራል፣ ወይ ያፈጣል። ደምለው ግን ዝም ብሎ ያያታል፤ ከብዙ መንገድ በኋላ ጥላ ያገኘ ሰው እንደሚያርፈው ዓይኑ እሷ ላይ ያርፋል። "የከብት አስተያየት" ትላለች በልቧ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮት ታዞራለች፤ ለምን እንደምታዞር ግን ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

ጓድ ገብረማርያም በሩ ላይ ብቅ አሉ። "ሠልጣኙ እንዴት ነው?"

"ገና ነው።"

"ሦስት ወር 'ገና ነው' ይባላል? ነገ አራት ሰዓት ላይ ጎንደር ራሷ በአየር ትፈትነዋለች። ሃያ ቃል ይልካሉ፤ ይቀበላል፣ መልሶ ያነባል። ካለፈ አንቺ በነገው መኪና ትሄጃለሽ።"

ከነገ በኋላ ይኸን ፊት እንደማታየው አሰበች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም፤ ያንንም በሙቀቱ አሳበበች።

ከሰዓት በፊት የመከሩን ሪፖርት ስትተይብ የግልባጭ ካርቦን ወረቀት አለቀባት። አዲስ ካርቦን ከመጣ አራት ወር አልፏል፤ ያሉት ብዙ ተመትተው ተመትተው እንደ ወንፊት ሆነዋል። ሣጥኑን እስከ ታች ፈተሸች። ከሥር አንድ የታጠፈ፣ ገና ጥቁርነቱ ያልለቀቀ ካርቦን አገኘች። አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎበታል። ምን እንደተጻፈበት ለማየት ሳይሆን ደኅና መሆኑን ለማየት ወደ መስኮቱ አነሳችው፤ ብርሃኑ በፊደሎቹ በኩል አለፈ።

"ለ፦ ሽንፋ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ። ከ፦ ጎንደር። ጉዳዩ፦ ስለ ኦፕሬተር ውባንች ፈንቴ። ሐምሌ 19 ቀን 1974። የተጠቃሿ ወንድም አለነ ፈንቴ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን መሻገሩ ተረጋግጧል። የድንበር መገናኛ በእጇ ሊቆይ አይገባም። ሠልጣኙ እንደበቃ አስታውቁና በዚያው ዕለት በጥበቃ ለምርመራ ትላክ። ለራሷ ቀድሞ እንደተነገራት ዝውውር ነው ይባል። ተቀባይ፦ ጓድ ገብረማርያም። መልሶ ተነቦ ተረጋግጧል። ኢትዮጵያ ትቅደም።"

ውባንች ወንበሩን ሳታየው ተቀመጠችበት። አለነ ተሻግሯል። ስምንት ወር ሙሉ እናቷ በየእስር ቤቱ በር ስንቅ ይዘው የፈለጉት ወንድሟ በሕይወት አለ። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ መጣ፦ ጎንደር የሚጠብቃት የእናቷ ቤት አይደለም።

ሦስተኛው ግን እንደ ጥፊ ነበር። የጓድ ገብረማርያምን ጽሑፍ ታውቃለች፤ ለሰልፍ እንደሚሰቀል ጨርቅ ፊደሉ ትልልቅ ነው። ይህ ደቃቅ፣ የተስተካከለ፣ አንድ ፊደል ያልተሰረዘበት ጽሑፍ ነው። "መ"ን ሲጽፍ ግን አንዷን ቀለበት ሳይዘጋ ይተዋታል። ያንን ቀለበት አርባ ጊዜ አርማለታለች።

ያ ከብት መጻፍ ያውቃል። መቀበል፣ መልሶ ማንበብ ያውቃል። ሐምሌ 19 ማለት ደግሞ እሷ ወባ ጥሏት አራት ቀን የተኛችበት ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ በፊቷ የተቀመጠው ደደብ መስሎ ነው። ሰው ደግሞ ደደብ የሚመስለው ሊያዳምጥ ነው፤ ሊያዳምጥና ሊያሳብቅ።

ካርቦኑን አጣጥፋ በቀትር ፀሐይ ወጣች። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈራት አንድ ነገር ነበር፤ ልቧን የወጋት የመታሰሯ ነገር ሳይሆን ሰላዩ እሱ መሆኑ ነው።

ጋራዡ ውስጥ ከደምለው በቀር ሰው አልነበረም፤ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ወደ ጥላ ሄዷል። ከትራክተሩ ሥር ወጣ። ካርቦኑን ደረቱ ላይ ወረወረችው።

"የማን ጽሑፍ ነው?"

አነሳው፣ ወደ ብርሃኑ አየው። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ አንድ በአንድ ጣቱን።

"ወረቀቶቹን ሦስቱንም አቃጥያቸው ነበር" አለ። "ካርቦኑን ረሳሁት።"

"ረሳሁት። ሦስት ወር ሙሉ 'ረሳሁት' ስትለኝ እውነት የረሳኸው ይኸን ብቻ ነው?"

"አዎ።"

"ሰላይ። ሰላይም ስትሆን የረባህ አይደለህ፣ የራስህን ወረቀት ትጥላለህ።"

"ሰላይ ብሆን ይኸን መልእክት ለማን ነበር መስጠት ያለብኝ?" አለ ረጋ ብሎ። "ለጓድ ገብረማርያም። ሰጥቼው፣ እኔም በቅቻለሁ ብዬ ቢሆን አንቺ ዛሬ እዚህ ቆመሽ ትሰድቢኛለሽ?"

"አንቺ" ብሏት አያውቅም ነበር። ውባንች ይህን የሰማችው ከነገሩ ሁሉ ቀድማ ነው።

"ያን ቀን አንቺ ተኝተሽ ነበር" አለ። "ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ ሳመጣ ጎንደር ይጣራል። ጓድ ገብረማርያም ሬዲዮው በስሙ ሲጠራው እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ኮፍያውን አድርጎ፣ ማሳ ላይ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ። ዝም ብል ነገ መኪና ይልካሉ ብዬ አነሳሁት። ለሥራ አስኪያጁ ብቻ የሚነገር ነው አሉ። ስምሽን ሲጠሩ ሰማሁ። ገብረማርያም ነኝ አልኳቸው።"

"ይኸን ማድረግ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"መቼ ተማርከው? እኔ ያኔ ገና ቁልፉን አላሳየሁህም።"

"ዓመት ሙሉ ባትሪ ሳመላልስ መስኮቱ ሥር ቆሜ ሰምቼሻለሁ። 'ጎንደር ጎንደር፣ ሽንፋ ትጣራለች' ስትይ። ያን ያህል ከሰማ ትራክተሩም ይማር ነበር፣ እንዳልሽው።"

ውባንች ፈገግ አላለችም። ሦስት ወር የጣለችው ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ እየተመለሰ ይመጣባት ነበር፤ ከብቱ፣ ድንጋዩ፣ አንድ ቀን በሁሪያ ፊት ያለችው፣ ደግሞ አንድ ቀን ስለ እናቱ ያለችው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ትሰድቢኝ ነበር?"

"አልሰድብህም ነበር።"

"እሱ ነው። ጓድ ገብረማርያም በየቀኑ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ታዝኚልኝ ነበር፣ ታመሰግኚኝ ነበር፣ ድምፅሽ ይለሰልስ ነበር። ያ ሰው ምንም አይገባው፣ የድምፅ ነገር ግን ይገባዋል። እስካሁን እዚህ ያቆየሽ ስድብሽ ነው። እውነተኛ ስለነበረ።"

ነፋሱ የሰሊጥ ገለባ ይዞ ገባና በመካከላቸው አለፈ።

"እንግዲያው ነገ እለፍ" አለች፤ ኩራቷ ነው የተናገረው። "እኔ የሰደብኩት ሰው ባለዕዳ ሆኜ አልኖርም። ልሂድና የመጣው ይምጣ።"

"ማለፍማ አልችልም። የጎንደሯ ኦፕሬተር ታንጉ ድምፄን ታውቀዋለች፤ አንድ ቃል ብተነፍስ 'ጓድ ገብረማርያም' ትለኛለች። ነገ ቁልፉን ይዤ ድዳ መሆን ነው ያለብኝ። የምትናገሪው አንቺ ነሽ።"

"ምን ብዬ?"

"የዘወትሩን። እስቲ አሁን በይኝ።"

ውባንች አፏን ከፈተች። "ደ..." አለችና ቆመች። እንደገና ሞከረች። ፊቱን እያየች፣ ጉንጩ ላይ ያለውን የግራሶ መስመር እያየች፣ ከአፏ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ደምለው ካወቃት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጓድ ገብረማርያም በዚያ ቃጠሎ እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ካኪ ለብሰው መጡ። ከመኪናው ጋር የመጣ አንድ ታጣቂ በሩ ላይ ቆመ፤ መኪናው ግቢው ውስጥ ሞተሩን እያሞቀ ነው። የውባንች ሻንጣ ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ሁሪያ ናት ያሰረችላት፣ "ለእናትሽ ሰላም በይልኝ፣ ልጄ" እያለች።

አራት ሰዓት ሲሆን ሬዲዮው ተንሿሿ። "ሽንፋ ሽንፋ፣ ጎንደር ትጣራለች። ሠልጣኙ ይቅረብ። ኦቨር።" ጓድ ገብረማርያም ሬዲዮ ሲናገር እንደ ልማዳቸው ከወንበር ተነሥተው ቆሙ።

ደምለው መናገሪያውን አነሳ። ቁልፉን ተጫነ። ዝም አለ።

አንድ ደቂቃ ያህል ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የዝንብ ድምፅ ነበር። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነጭ እስኪሆን ተጭኗል።

"ምን ሆነ ይኸ ሰው?" አሉ ጓድ ገብረማርያም። ከዚያ ወደ ውባንች ዞሩ። "ምነው አንቺስ ዛሬ ዝም አልሽ? ሌላ ጊዜ እስከ ወንዙ ድረስ ነበር የምትሰሚው።"

ውባንች መናገር አልቻለችም። ጓድ ገብረማርያም ከእሷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እሷ አዩ፤ በዚያ ሰፊ ፊት ላይ አንድ ነገር ሊገባቸው ሲል፣ ቀስ እያለ፣ በመንግሥት ሥራ ፍጥነት ሲመጣ ታየ።

ደምለው አንገቱን ቀና አድርጎ አያት። ያው አስተያየት ነው። ያ "የከብት" ያለችው። አሁን ግን ይለምናል።

"ልቀቀው" አለች ውባንች። ድምፅዋ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። "ልቀቀው እንጂ፣ አንተ ድንጋይ። ሦስት ወር፣ ሦስት ወር ፊቴ ተቀምጠህ አንድ ቁልፍ መልቀቅ አቃተህ? ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ? ስሰድብህ ትመጣለህ፣ ሳባርርህ ትመጣለህ፤ ሌላው ሰው ቢሆን እስካሁን ጥሎኝ ሄዶ ነበር። አእምሮ ያለው ሰው ለራሱ ያስባል፤ አንተ ግን ለራስህ እንኳ አታስብም። ይኸን ከብት ለኔ የላከ ማን ነው? እንደሱ ያለ በዚህ ቆላ ሁለተኛ አይገኝም፤ ተፈልጎም አይገኝም። ሂድ፣ ትራክተርህ ሥር ግባ። ደደብ ነህ፣ ደምለው። ደደብ። ደደብ።"

እንባዋ ፈሰሰ። ጓድ ገብረማርያም እንባውን አይተው በእፎይታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እናቷ ዘንድ መሄድ የቀረባት ልጅ በንዴት ብታለቅስ ምን ያስገርማል።

ደምለው ያን ጊዜ አውራ ጣቱን አነሳ።

ሬዲዮው ሳቅ ተፋ። የገንዳ ውሃው ጣቢያ ይስቃል፣ የሳንጃው ይስቃል፤ አንዱ "ደግማ ትላክልን፣ ኦቨር" ይላል። ቁልፉ ተጭኖ ስለነበረ ከመጀመሪያው "ድንጋይ" እስከ መጨረሻው "ደደብ" ሁሉም ተሰምቷል።

"ጣቢያዎች ዝም በሉ" አለች የታንጉ ድምፅ፤ እሷም ሳቋን ውጣ። አፍታ ቆየች፤ አጠገቧ ካለ ሰው ጋር የምትነጋገር ትመስል ነበር። "ሽንፋ፣ ይመዝገብ። ሠልጣኙ ወድቋል። ጣቢያው ለእንዲህ ያለ ሰው አይሰጥም። ከታኅሣሥ በኋላ ሌላ ሠልጣኝ እስኪላክ ኦፕሬተሯ በቦታዋ ትቆይ። ለጓድ ገብረማርያም ይነገርልን፤ በሐምሌ መልእክት ሲቀበሉ እንዴት ያለ ጥራት እንደነበራቸው እናስታውሳለን፤ ሠልጣኙ ከእርሳቸው ይማር። ኦቨር።"

ውባንች ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። ደምለውም። በሕይወታቸው አንድ መልእክት ተቀብለው የማያውቁት ጓድ ገብረማርያም ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ "ሐምሌ?" አሉ ለራሳቸው። በር ላይ ያለው ታጣቂ በአክብሮት ያያቸው ነበር። አዩት። ኮሌታቸውን አስተካከሉ።

"አዎ፣ ሐምሌ" አሉ። "ያኔ እንኳ ብዙም አልተዘጋጀሁበትም ነበር።" መሐረባቸውን አውጥተው ላባቸውን ጠረጉና ለደምለው ተናገሩ። "ሰማህ? ከሰው መማር ነው። ጓድ ውባንች፣ የተባለውን ጽፈሽ ግልባጩን ለሁሉም በትኚ፤ በተለይ የመጨረሻዋን መሥመር።"

ወጡ። ታጣቂው ተከተላቸው። መኪናው ባዶውን ሲሄድ፣ ሁሪያ በረንዳው ላይ ሻንጣውን እየፈታች "ማሌሽ፣ ማሌሽ" ስትል ተሰማ፤ የምታጽናና መስሏት።

ደምለው መናገሪያውን በቀስታ ሰቀለ። አውራ ጣቱ ላይ የቁልፉ ክብ ታትሟል። ውባንች ያንን ክብ አየችው፤ ልትነካው እጇ ጠረጴዛው ላይ እስከ ግማሽ ድረስ ሄደ። በሩ ክፍት ነበረ፤ ግቢው ውስጥ ሰው ይመላለሳል። ታኅሣሥ ሊደርስ የቀረው ሁለት ወር ነው።

"ይቅርታ፣ ወይዘሪት" አለ ደምለው ጮክ ብሎ፣ ለበሩ እንዲሰማ። "ነገም ልምጣ?"

እጇን ሰበሰበች። ቅጹን ከፊቱ አስቀመጠች፤ ካርቦኑን በመካከል አስገባች፤ "መ"ን የሚጽፍበትን እርሳስ በእጁ ላይ ስታኖር ጣቷ ክቡ ላይ አረፈ፤ አላነሳችውም።

"ነገም ና፣ ደደብ" አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ፣ ከዚያ ቀን በፊት ለማንም ለስላሳ ቃል ተናግራ እንደማታውቅ ተሰማት።